የፕሮሰሰር ክዳን ስለማንሳት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ስታዲየም አካባቢ ወዳለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቃችን እየመጣችሁ «የፕሮሰሰሩን ክዳን አንሡልኝ፣ ፍጥነት ይጨምራል ተብያለሁ» የምትሉን እየበዛችሁ ነው። አብዛኞቻችሁ ቪዲዮ የምታቀናብሩ ወይም የሕንፃ ዲዛይን ሬንደር የምታደርጉ ስለሆናችሁ ማሽኑ ከተበላሸ እንጀራችሁ ይነካል። ስለዚህ የቱን እንደምንከፍት፣ የቱን እንደማንነካ ከነምክንያቱ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ከፕሮሰሰሩ (ከኮምፒውተሩ ዋና ማስሊያ) ላይ የምታዩት የሚያብረቀርቅ ክዳን በኒኬል የተለበጠ መዳብ ነው። ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ ከሥሩ ነው ያለው። ፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሁለተኛ የፕሮሰሰር ትውልድ ላይ ቺፑና ክዳኑ በብየዳ የተያያዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ ግን ለተራ ዴስክቶፕ በሚሠራቸው ላይ ብየዳውን ትቶ ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) አደረገ፤ እስከ ስምንተኛው ትውልድም በዚያው ቀጠለ። ጥፋቱ የፔስቱ ብቻ አይደለም። ክዳኑን ዙሪያውን የሚያጣብቀው ጥቁር ሲሊኮን ክዳኑን ከቺፑ ትንሽ ከፍ ስለሚያደርገው መሐል ላይ ያለው ፔስት ይወፍራል፣ ሙቀቱም እዚያው ይታፈናል። ለዚህ ነው እንደ 4770ኬ፣ 7700ኬና 8700ኬ ያሉ አይ7 ፕሮሰሰሮች ክዳናቸው ተነሥቶ፣ ሲሊኮኑ ተጠርጎ፣ ፔስቱ በሊኩዊድ ሜታል (ሙቀትን በደንብ በሚያስተላልፍ ፈሳሽ ብረት) ሲተካ በከባድ ሥራ ላይ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊቀዘቅዙ የሚችሉት።

ፍጥነት የሚገኘው ግን ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ተጠግቶ ራሱን እያዘገየ ከነበረ ወይም ኦቨርክሎክ ከተደረገ (ከተመደበለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ከተደረገ) ብቻ ነው። በ70 ዲግሪ ለሚሠራ ማሽን ገንዘባችሁን ባታወጡ እንመርጣለን። ራም ወይም ኤስኤስዲ ብትጨምሩበት ይሻላል።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2018 ከ9900ኬ ጋር ወደ ብየዳ ተመልሷል። የሌላው አምራች የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮችም አብዛኞቹ የተበየዱ ናቸው። እነዚህን አንከፍትም፤ ክዳኑ ሲላቀቅ ቺፑን ሰንጥቆ ሊወጣ ይችላል፣ የተሰነጠቀ ቺፕ ደግሞ አይጠገንም።

በምላጭ የሚከፍቱ ባለሙያዎች አሉ። እኛ አናደርገውም፤ ከስድስተኛው ትውልድ ወዲህ ቺፑን የተሸከመችው አረንጓዴ ሰሌዳ በጣም ቀጥናለች፣ ምላጩ ትንሽ ካለፈ የውስጥ መስመር ይቆርጣል። እኛ ክዳኑን ወደ ጎን ቀስ ብሎ በሚገፋ መሣሪያ እናላቅቀዋለን። ሊኩዊድ ሜታል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ቺፑ አጠገብ ያሉትን ጥቃቅን ካፓሲተሮች አስቀድመን የጥፍር ቀለም እንቀባቸዋለን። ሜታሉ የሚቀባው በጣም ስስ ሆኖ ነው፣ የተረፈ ጠብታ ማዘርቦርዱ ላይ ከወደቀ ሊያቃጥለው ይችላል። ውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየምን ስለሚበላ በአሉሚኒየም ሂትሲንክ (ከክዳኑ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን ወደ አየር በሚያስወጣው ብረት) ላይ ፈጽሞ እንዳትቀቡት።

ከሁሉ በፊት ግን አቧራውን አጽድተን፣ በክዳኑና በሂትሲንኩ መካከል ያለውን የደረቀ ፔስት ቀይረን ሙቀቱን እንለካለን። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በአቧራ የተደፈነ ሂትሲንክ ሲታከልበት ጥሩው ፕሮሰሰር ሳይቀር ይግላል። ብዙ ጊዜ ጽዳቱ ብቻ ይበቃል፣ እኛም የምናስከፍላችሁ የጽዳቱን ብቻ ነው።

ክዳኑ የግድ መነሣት ካለበት ደውለን ሳናስፈቅዳችሁ አንጀምርም። የአምራቹ ዋስትና በዚህ ሥራ እንደሚቋረጥ እወቁ። ማሽኑን ስታመጡ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ የትኛው ፕሮግራም ሲከፈት እንደሚግልም ጽፋችሁልን ሂዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ