ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ለአስታማሚው ሩብ ሰዓት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሐኪሞችና ነርሶች ችግር ስትጽፉ አነባለሁ፤ ይገባቸዋል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አስታማሚ ነው።

አባቴ ስትሮክ መትቶት 18 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። 18ቱንም ሌሊት ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፌ አደርኩ። መድኃኒት ፍለጋ የምዞረው እኔ፣ የደሙን ናሙና ይዤ ላብራቶሪ የምሮጠው እኔ፣ ልብሱን የምቀይረው እኔ። ይህ ለማንም አዲስ አይደለም። አስታማሚ የሌለው ታማሚ እንኳ ቢኖር የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ይደርስለታል።

በ19ኛው ቀን መውጫ ወረቀት ተሰጠን። «ቤት ወስዳችሁ አስታምሟቸው» ተባልን። የመድኃኒቱ ሰዓት ተነገረኝ፣ ቀጠሮው ተጻፈልኝ፣ በቃ። እንዴት እንደማገላብጠው፣ እንዴት እንደማበላው ማንም አላሳየኝም። እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም።

ቤት በገባን በአራተኛው ቀን እናቴ አጥሚት ሠራች። ቀጠን ቢል ይሻለዋል ብላ ውሃ ጨመረችበት። እንደተንጋለለ በማንኪያ ስሰጠው ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ። የሞተ መስሎኝ ጮኼ ጎረቤት ሰበሰብኩ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ቆዳው ቀልቶ አየሁ። ሙቀት ነው ብዬ ፓውደር ነሰነስኩበት። ተላጠ። ከዚያ ቆሰለ።

ቁስሉን ልናሳጥብ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ አጥባ ሸፍና ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «ነይ እህቴ፣ አሁን አንቺ ተኚ» አለችኝ። ግራ ገባኝ፤ ግን ባዶው አልጋ ላይ ወጥቼ ተኛሁ። አንሶላ አጥፋ ከሥሬ አስገባችና በአንሶላው ሳብ አድርጋ በጎኔ አዞረችኝ። አንድ ትራስ ከጀርባዬ፣ አንድ ትራስ በጉልበቶቼ መሃል። «አየሽ? አባባን በክንዳቸው አትጎትቻቸው፣ የደከመው ትከሻ ይጎዳል። በየሁለት ሰዓቱ ጎን ቀይሪላቸው። ሲበሉ ቀና ብለው ይቀመጡ፤ በልተውም ግማሽ ሰዓት አታስተኛቸው። አጥሚቱን ወፈር አድርጉት፣ ቶሎ ትን የሚላቸው ቀጭኑ ነው።» ከዚያ እሷ ቆማ እያየች አባቴን እኔው አገላበጥኩት። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ በሦስተኛው ተሳካልኝ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ስልክ ቁጥርም ጻፈችልኝ። የደወልኩት አንዴ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በእጄ ስላለ ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ይህ የአንዲት ደግ ነርስ ችሮታ መሆን የለበትም። የጽኑ ሕመምተኛን ስቃይ የሚያስታግሰው፣ ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው ሕክምና ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡም ነው ይላል የዓለም የጤና ድርጅት። በግንቦት 2006 ዓ.ም. የዓለም የጤና ጉባኤ ስለዚሁ ሕክምና ሲወስን፣ በሠለጠነ ባለሙያ ክትትል ሥር ሆነው ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ድጋፍ እንዲደረግ አገራትን ጠይቋል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህንኑ ሕክምና የሚሰጠው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት ነርሶቹን ታማሚው ቤት ድረስ ይልካል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም ቤት ለቤት መሄዱን ያውቁበታል። ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ ለማስተማር ደጃፍ እንደሚያንኳኩ ሁሉ፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያለበትን ቤትም ቢያንኳኩ ምን ይከብዳል?

ነርሶቹ ጊዜ የላቸውም የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ሌሊት አንዲት ነርስ ስንት አልጋ እንደምትይዝ ከካርቶኔ ላይ ሆኜ ቆጥሬያለሁ። ግን የአባቴ ቁስል እስኪድን ሦስት ወር ሙሉ ተመላልሰናል። በእያንዳንዱ ምልልስ የአንድ ነርስ ጊዜ ሄዷል።

የምጠይቀው ይህን ነው። ታማሚው ሳይወጣ አስታማሚው በገዛ እጁ ሠርቶ ያሳይ። መውጫ ወረቀቱ ላይ ለዚህ አንድ መስመር ይኑር፤ ሳይሞላም አይፈረም። የሚደወልበት ቁጥርም ይጻፍበት፤ የዋርዱ ቢሆን፣ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ቢሆን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አስታማሚ
አዲስ አበባ