ጊታርሽን አውጪው

የኔ ውድ፣

እንዴት ነሽ? መጥፋቴን አውቃለሁ። ይቅርታሽን ቶሎ ስጪኝና ወደ ወሬው ልግባ፤ ሰበብ ልደርድር ካልኩ ወረቀቱ በሰበብ ያልቃል። ናፍቀሽኛል። ደግሞም ፈልጌሻለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

አብረን መኖር ጀመርን። አዎ፣ ከእሷው ጋር! መጀመሪያ ያየሻት ቀን «ይቺ ልጅ ቤትሽን ትወርሰዋለች» ብለሽኝ ነበር። ይኸው ደረሰልሽ፤ አሁን ማን ይችልሻል!

ልጅቷ ስትዘፍን ነው የምትውለው። ፊቷን ስትታጠብ፣ ጫማዋን ስታስር፣ የጠፋ ቁልፍ ስትፈልግ። ጎረቤት ይሰማል አይሰማም ብላ አታስብም። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ በጆሮ ማዳመጫ ያደግኩ ነኝ። የምወደውን ሙዚቃ ሁሉ ለብቻዬ ነው የሰማሁት። ታክሲ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ የቤተሰብ ጨዋታ ሲከብደኝ መኝታ ቤት ገብቼ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ስንት ቀን ያቆመኝ እሱ ነው።

ባለፈው ልብስ እያጣጠፍን ዘፋኟን ቻቬላ ቫርጋስን ከፈትኩ። ያንቺን ቻቬላ። መሀል ላይ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። እጄ ሳላዘው ስልኩ ጋ ሄዶ ድምፁን ቀነሰው። እሷ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን ቀነስሽው?» አለችኝ። ዘፈኑ እኮ በስፓኒሽ ነው! በደረጃው የሚያልፈው ሰው አንዲት ቃል አይገባውም። የምመልሰው አጣሁ። አንሶላውን አጣጥፈን ጨረስን። ከዚያ ሄዳ ድምፁን ከነበረበትም ከፍ አደረገችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ቻቬላ እኮ አልቀነሰችም። በፈረንጆቹ 1919 ኮስታ ሪካ ተወልዳ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ሜክሲኮ ገብታ፣ ወንዶች ለሴት የሚዘፍኑትን፣ ራንቼራ የሚባለውን የሜክሲኮ ዘፈን እንዳለ ወሰደችው። የምታፈቅራትን ሴት ወደ ወንድ አልቀየረችም። ሱሪዋንና ፖንቾ የሚሉትን ካባዋን ለብሳ ሴትን በሴትነቷ ጠራቻት። ሌዝቢያን ነኝ ብላ በአደባባይ የተናገረችው በ81 ዓመቷ ነው። ዘፈኑ ግን ከዚያ በፊት ለስንት አሥርት ዓመታት ሲናገርላት ኖሯል።

እኔና አንቺስ? ሁሉንም የፍቅር ዘፈን በሆዳችን እየቀየርን ነው ያደግነው። ሰው ሁሉ አብሮ ሲዘፍን «አንተ» የሚለው ጋ ስንደርስ አፋችንን ዘጋ አድርገን እናልፋት ነበር። አንቺ ደግሞ እዚያች ቦታ ላይ ሁሌም ትስይ ነበር፤ ሳል የሌለብሽ ሴት!

አንዳንዱን ዘፈን እርግፍ አድርጌ ትቼዋለሁ። የሴት «እምቢ» እንደ ማሽኮርመም የሚቆጠርበትን ማለቴ ነው። ዜማው ሲመጣብኝ እናደዳለሁ፤ ፌሚኒስት መሆን ጆሮን አያድንም። አሬታ ፍራንክሊን ያደረገችውን ሳስብ ግን እጽናናለሁ። «ሪስፔክት»ን ኦቲስ ሬዲንግ በ1965 ሲዘፍነው፣ ወንዱ ቤቱ ሲገባ ክብር ስጪኝ የሚልበት ዘፈን ነበር። በ1967 እሷ ተቀበለችውና ጠያቂዋ ሴቷ ሆነች። አሁን የወንድ ዘፈን መሆኑን ስንቱ ያስታውሳል? ትሬሲ ቻፕማን በ1988 ያወጣችውን «ፋስት ካር»ንም ሉክ ኮምብስ በ2023 ሲደግመው፣ ዘፈኑ ውስጥ ያለችውን የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ልጅ እንደ ሴትነቷ ተዋት። ትልቅ ጺማም ሰውዬ «እኔ የሱቅ ልጅ» ብሎ በሴት አንደበት ሲዘፍን ስሰማ አለቀስኩ። በዚያው ዓመት ዘፈኑ የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ማኅበርን የዓመቱን ዘፈን ሽልማት አገኘ፤ ሽልማቱም የደራሲዋ የትሬሲ ሆነ። ደስ አይልም?

ይኸው ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩብሽ። የመጣሁበትን ልንገርሽ።

ወዳጆቻችንን ቤት ልንጠራ ነው። ድግስ አትበዪው፤ አብረን መሆናችንን የሚያውቁልን ሰዎች እንዲሰበሰቡ ነው። እና… ልዘፍንላት እፈልጋለሁ። በሰው ፊት። ያንን ዜማውን አንቺ የሠራሽውን፣ ግጥሙን እኔ የጻፍኩትን። ደብተሩን ሰው ካገኘው ብለን «አንተ» ብለን የጻፍነውን።

አክስቴም ትመጣለች። ታውቃለች፤ ማወቋንም አውቃለሁ። ስትደውል «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» ሳትል አትዘጋም። ግን ቃሉ በመካከላችን ወጥቶ አያውቅም። እሷ ፊት ቆሜ «አንቺ» ስል ምን እንደምትሆን አላውቅም። ተነስታ ብትሄድስ? እያልኩ ሌሊት እነቃለሁ። ደግሞ ብትቀመጥስ? ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ብትሰማኝስ? እሱን ሳስብ የባሰ እንቅልፍ አጣለሁ። ለልጅቷ ለራሷ እንኳን እስካሁን አልነገርኳትም። ላንቺ ነው መጀመሪያ የነገርኩት።

ሌላም ችግር አለ። «አንቺ» ብዬ ስቀይረው ቤቱ አልመታ አለ። «ስትመጣ» ከ«ጣጣ» ጋር እንዴት ያምር ነበር! «ስትመጪ» ስል ሁለተኛው ስንኝ ፈረሰ። «ቆጪ» አልል፣ «ምርጪ» አልል፣ ግራ ገብቶኛል። ይሄን የምታቃኚው አንቺ ነሽ። ጊታርሽን አውጪው፤ ክሩ ዝጎም ከሆነ ቀይሪው። ቃናውንም ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ፣ ድምፄ እንደ ድሮው ላይ አይወጣም።

የምትመጪ ከሆነ ቀኑን አንቺ ቁረጪው፤ እኛ እንጠብቅሻለን። የማትመጪ ከሆነ ደግሞ ቀድተሽ ላኪልኝና እሱን ከፍቼ እዘፍናለሁ። አደራ፣ ማታ ማታ እንዳትደውዪ። አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፤ ስንኝ ስናቃና ከሰማችን አለቀልኝ። በጽሑፍ ይሁን። መጀመሪያ የ«ስትመጪ»ን ነገር ጨርሺልኝ።

የዘወትር ጓደኛሽ