ኮምፒውተሩ ገባ፣ ካርዱ ግን አሁንም ይጠፋል

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ ሆስፒታሎች ዲጂታል መሆን ያወጣችሁትን አንብቤ የምለው ስላለኝ ነው። ሁሉም የሚያወራው ስንት ኮምፒውተር እንደገባ ነው፣ ገብቶ ማንን ጠቀመ የሚል ግን የለም።

እዚህ ደሴ አንድ ሆስፒታል (ስሙ ይቅር) እናቴን ለስኳር ክትትል አመላልሳለሁ። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ኮምፒውተር አለ፣ ልጁ ስሟን ይጽፋል፣ የካርድ ቁጥሯ ይወጣል፣ ከዛ ተነስቶ ወረቀቱን ፍለጋ መደርደሪያ ውስጥ ይገባል። ካጣው "አብሽሪ እናቴ፣ አዲስ እናወጣልሻለን" ይላታል። አዲስ ካርድ እኮ ባዶ ወረቀት ነው፣ ያለፈው የስኳር ልኬቷ የለም፣ መድሃኒቷ ለምን እንደተቀየረ የለም፣ ሐኪሙም "ምንሽን ነው የሚያምሽ" ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። ከደላንታ ወይ ከለጋምቦ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ሰውማ ያቺ ወረቀት ከጠፋችበት አለቀለት።

ነርሶቹን ግን አልወቅስም። አንዷን ሳወራት መጀመሪያ ካርድ ላይ፣ ከዛ መዝገብ ላይ፣ ከዛ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች፣ ያንኑ ነገር ሶስቴ፣ ወረፋው ደግሞ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ጤና ሚኒስቴር "የመረጃ አብዮት" (የጤና መረጃ አሰባሰቡንና አጠቃቀሙን እንለውጣለን የሚለው ዕቅድ) ማለት ከጀመረ ከ2008 ወዲህ ነው፣ የጤና ተቋማቱ ሪፖርትም አሁን በዲኤችአይኤስ 2 ነው የሚሄደው፣ ኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሰራ ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ መጥፎ አይደለም፣ ወባ የትኛው ወረዳ እንደጨመረ ያሳያል። ግን እዛ የሚገባው ድምር ነው፣ ስንት ሰው ታመመ ይላል እንጂ እናቴ ባለፈው ምን ታዘዘላት አይልም። እሱን የሚይዘው የታካሚው የራሱ ዲጂታል መዝገብ ነው፣ እኛ ጋ ያልደረሰውም እሱ ነው። እና ነርሷ ኮምፒውተሩን "ለበላይ አካል የሚሞላ" ብላ ብታየው ምን ይፈረድባታል?

በ2014 ጦርነት የወሎ ሆስፒታሎች ሲዘረፉ ያየን ሰዎች ደሞ አንድ ነገር እንጠይቅ፣ መረጃው እዚሁ ግቢ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ከተቀመጠ ከወረቀቱ በምን ይሻላል? ኮፒው ሌላ ከተማ ይቀመጥ እንጂ። የመብራቱን ነገር እንኳን ተዉት።

ጋዜጠኞቻችሁ ሪባን ሲቆረጥ ከሚያነሱ አንድ ቀን ካርድ ክፍል ቁጭ ብለው ስንቱ "ካርድዎ የለም" እንደሚባል ቢቆጥሩልን፣ ነርሶቹንም የትኛው ቅጽ ቢቀርላቸው እንደሚወዱ ቢጠይቁልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ