ግድግዳው ከመፋቁ በፊት

ይድረስ ለውድ እናቴና ለእህት ወንድሞቼ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሮጌውን ቤት ልታሳድሱት መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ሠራተኞቹ ሳይገቡ እንዲደርሳችሁ ብዬ ነው ቶሎ የጻፍኩት።

እንደምታውቁት እዚህ የምሠራው የአሮጌ ቤት እድሳት ነው። ማፍረሱ የእኔ ድርሻ ነው። ወለል እነቅላለሁ፣ ልስን እፍቃለሁ፣ ኮርኒስ አወርዳለሁ። አቧራው አይጣል ነው። ሥራውን ግን ከልቤ ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ቤቱ በተከፈተ ቁጥር የኖሩበት ሰዎች ብቅ ይላሉ።

በቅርቡ የአንድ ወጥ ቤት የወለል ፕላስቲክ ስናነሳ ከሥሩ ጋዜጣ ተነጥፎ አገኘን። ድሮ ወለሉ እንዲደላደል እንዲህ ያደርጉ ነበር። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቀኑን ነው፤ ወለሉ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተነጠፈ ይናገራላ። እኔን የያዘኝ ግን ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ሒሳብ ነው። የክፍሉ ርዝመትና ስፋት ተባዝቷል፣ ተሰርዟል፣ እንደገና ተባዝቷል። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። ሁለተኛው ልክ ነው! ያንን ወለል የሠራውን ሰው በዓይኔ ያየሁት ያህል ነው የተሰማኝ።

ምስማር እንኳን ዘመን ይናገራል። አንጥረኛ በእጁ የቀጠቀጠው አራት ማዕዘን ነው። ዛሬ የምናውቀው ክቡ የሽቦ ምስማር የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሲፈርስ የዛገ ምላጭ ይዘረገፋል። ግድግዳው ውስጥ የሚገጠሙት የድሮዎቹ የመድኃኒት ሣጥኖች ጀርባቸው ላይ ቀጭን ቀዳዳ ነበራቸው፤ ሰውዬው ጢሙን ሲላጭ ያረጀውን ምላጭ በዚያ ወደ ግድግዳው ይጥለዋል። የስንት ጠዋት ምላጭ እዚያ ይከማቻል መሰላችሁ።

ከሁሉም አንጀቴን የሚበላኝ የጫማው ነገር ነው። እንግሊዝ አገር ቤት ሲታደስ በጭስ ማውጫ አካባቢ ወይም ከወለል ሥር ሆነ ተብሎ የተደበቀ ጫማ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ እግር ብቻ ነው፣ ያውም በደንብ የተለበሰ። ብዙዎቹ የልጅ ጫማዎች ናቸው። የኖርዝሃምፕተን ከተማ ሙዚየም ይህን መዝግቦ ይይዛል፤ መዝገቡ ከ1,900 በላይ ግኝቶች አሉት። ክፉ መንፈስ እንዳይገባ ነው ይባላል እንጂ የደበቁት ሰዎች ምክንያቱን ጽፈው አልተዉም። አንዳንድ ባለቤቶች ጫማውን ፎቶ አንስተው ወደ ቦታው ይመልሱታል። እኔም ደግ አደረጉ እላለሁ። ለዚያ ቤት የተሰጠ ነገር ነው።

ትልቅ ነገርም ይወጣል። ቱርክ ውስጥ ደሪንኩዩ በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ሰው ቤቱን ሲያድስ ከግድግዳው ጀርባ የማያውቀው ክፍል አገኘ። ክፍሉ ወደ ሌላ፣ ያም ወደ ሌላ እየመራ 85 ሜትር ያህል ወደ ታች የሚወርድ የምድር ውስጥ ከተማ ሆኖ ተገኘ። እስከ 20,000 ሰው ከነከብቱ ይይዝ እንደነበር ይገመታል።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሳሎኑ በር መቃን ላይ ቁመታችንን እየለካ በቢላ ምልክት ያደርግልን ነበር። ዛሬ በቀለም ላይ ቀለም ተደራርቦበታል፤ ጣታችሁን ብታሳልፉበት ግን ይታወቃችኋል። እባካችሁ መቃኑን እንዳያስነቅሉት። በማሽንም እንዳይፍቁት። አናጢው "አርጅቷል፣ በአዲስ ይቀየር" ማለቱ አይቀርም፤ እሺ እንዳትሉት። የሚጠገን ከሆነ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ ይቀጥል።

የቆየ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው ለዚህ ነው። አቧራው በተለይ ልጆችን ይጎዳል። ስለዚህ ደረቁን አይፈቅፈቅ፣ እየረጠበ ይሁን። ልጆቹ እስኪያልቅ እዚያ ባይውሉ ይሻላል። ጣሪያው ላይ አሮጌ አስቤስቶስ፣ ማለትም ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው የድሮ ክዳን፣ ካለም አይሰበር፣ አይቆረጥ፤ የሚያውቅ ሰው ይጠራ።

እማዬ፣ አንቺ ብቻ የምታውቂው ብዙ ነገር አለ። የትኛው ክፍል በኋላ እንደተጨመረ፣ የትኛው መስኮት እንደተደፈነ ለትንሹ ወንድሜ እየዞርሽ ንገሪው። እሱ ደግሞ ድምፅሽን በስልኩ ይቅዳ፣ እያንዳንዱን ግድግዳም ፎቶ ያንሳ። ከግድግዳ ውስጥ ወረቀትም ሆነ ቁራጭ ጨርቅ ከወጣ፣ ከየት እንደወጣ ሳይጻፍ ከቦታው አይነሳ። ሥራው የሚጀመርበትን ቀን ንገሩኝ፤ እኔም የማስታውሰውን በስልክ እነግራችኋለሁ።

ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ።

ናፋቂያችሁ፣
ልጅሽና ወንድማችሁ