በሬም ሳያስኬዱት አይገዛም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሲኒየር ቦውል፣ ኮሌጅ የሚጨርሱ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች በክለብ መልማዮች ፊት ስለሚታዩበት ጨዋታ፣ ያወጣችኋትን አጭር ጽሑፍ አነበብኳት። ጸሐፊያችሁ «ወጣቶቹን እንደ ከብት አሰልፈው ይለኳቸዋል» ብሎ ተቆጥቷል። መቆጣቱስ ባልከፋ። ችግሩ ሜትሩ ላይ ሲደርስ ብዕሩን ማስቀመጡ ነው። እኔ ያደግኩት ከብት ነጋዴ ቤት ነው፤ አሁን አትላንታ ታክሲ እነዳለሁ። ስለ ሁለቱም ገበያ ትንሽ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

የአሜሪካን ፉትቦል ያስለመደኝ ልጄ ነው። «በእጅ ይዘውት እየሮጡ ምኑ ነው ፉትቦል?» እያልኩ ስንት ዓመት ስቄበታለሁ። ሃይስኩል ገብቶ ኳርተርባኩን (ኳሱን የሚወረውረውን የቡድኑን መሪ) ከሚጠብቁት ግዙፎች አንዱ ሲሆን ግን አፌን ዘጋሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት «አባዬ፣ ሞቢል እንሂድ» አለኝ። ስልክ ሊያስገዛኝ መስሎኝ ነበር። ለካ አላባማ ያለች ከተማ ናት፤ ከእኛ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል።

ሲኒየር ቦውል እ.ኤ.አ. በ1950 ተጀምሮ በዓመቱ ወደ ሞቢል መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከከተማዋ አልወጣም። ኮሌጅ የሚጨርሱ ከመቶ በላይ ልጆች ይጠራሉ። የፕሮፌሽናል ሊጉ የ32ቱም ክለቦች መልማዮች ይመጣሉ። ጨዋታው ቅዳሜ ነው፤ ብዙዎቹ መልማዮች ግን ቅዳሜን አይጠብቁም። ሐሙስ ልምምዱ ሲያበቃ ሻንጣቸውን ይዘው ውልቅ ይላሉ። የመጡት ለልምምዱ ነዋ!

ልኬቱ አለ፣ አልክድም። ቁመት፣ ክብደት፣ የክንድ ርዝመት፣ የእጅ ስፋት። የእጅ ስፋት የሚሉት የኛው ስንዝር ነው፤ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ። በ2022 ኬኒ ፒኬት የተባለው ኳርተርባክ ሞቢል ላይ እጄን አላስለካም አለ። ከወር በኋላ ክለቦቹ ልጆቹን ዳግም በሚፈትኑበት ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሲለካ 8.5 ኢንች ሆነ፤ ለኳርተርባክ ትንሽ ነው። ያን ሰሞን ስለዚያ ስንዝር ያልተወራ ነገር የለም። የፒትስበርግ ክለብ ግን ድራፍቱ ላይ፣ ክለቦቹ በየተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ቀን፣ ከነስንዝሩ 20ኛ አድርጎ ወሰደው።

አባቴም በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳስሳል። ከዚያ ባለቤቱን «እስቲ አስኪደው» ይለዋል። ዳገት ካለ ዳገቱን። ጥርሱ ያማረ በሬ እግሩን ሲጎትት ካየ ዋጋ እንኳ አይጠይቅም።

ሞቢል ላይ «አስኪደው» የሚባለው አንድ ለአንድ የሚገጥሙበት ልምምድ ነው። አንዱ ኳርተርባኩ ጋ ሊደርስ ይሮጣል፣ ሌላው ጠባቂ ሆኖ ያግደዋል። ለጠባቂው ፍርደ ገምድል ነው። ጎኑ ላይ የሚያግዘው ጓደኛ የለም፣ አጥቂው ደግሞ እንደልቡ የሚዞርበት ሜዳ አለው። በ2014 አሮን ዶናልድ አጭር ነው እየተባለ መጥቶ እዚህ ሜዳ ላይ ትልልቆቹን አንድ በአንድ አለፋቸው። ራምስ የሚባለው ክለብ 13ኛ አድርጎ መረጠው፤ በኋላ ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ (በዚህ ጨዋታ ኳርተርባኩን የሚያሳድደው ነው ተከላካይ የሚባለው)።

እኔ ግን አልረሳ ያለኝ ሌላ ልጅ ነው፤ ከማላውቀው ትንሽ ኮሌጅ የመጣ። የመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ አጥቂው ደረቱን ገፍቶ በጀርባው አነጠፈው። ሕዝቡ «ኡ!» አለ። ልጄ «እጁን አዘገየ» አለኝ። ልጁ ተነሥቶ ወደ ሰልፉ ጭራ አልሄደም። ቀጥ ብሎ አሰልጣኙ ጋ ሄደና ሁለት እጁን ደረቱ ፊት አድርጎ አሳየው። አሰልጣኙ ክርኑን ወደ ውስጥ ገፋ አደረገለት። ሁለተኛ ሲወጣ ያው አጥቂ ደረሰው። አሁንም ወደ ኋላ ተገፋ፤ ግን አልወደቀም። አጥሩ ጋ ከቆሙት መልማዮች አንዱ፣ ልጁ ሲወድቅ ምንም ያልጻፈው ሽማግሌ፣ ይሄኔ አቀርቅሮ ይጽፍ ጀመር።

መልማይም ይስታል፤ አባቴም ስንቴ ተሸውዷል። ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ በ2000 ኢስት ዌስት ሽራይን በሚሉት ሌላኛው የኮሌጅ ኮከቦች ጨዋታ ተሰልፎ ነበር። ያ ሁሉ ዓይን አይቶት ድራፍቱ ላይ የተጠራው 199ኛ ሆኖ ነው። ከዚያ የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሰባት ጊዜ በላ።

ልጄ ኮሌጅ መጫወት ላይ አልደረሰም፤ አካውንቲንግ እያጠና ነው። ሞቢል ግን ዘንድሮም እንሄዳለን። ልምምዱ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ነው። ጸሐፊያችሁ መምጣት ከፈለገ ከኋላ ወንበር ላይ ቦታ አለ። ሰኞ ከሰዓት ነው የምንነሣው፤ ጃኬት ይያዝ፣ ሜዳው ዳር ይበርዳል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአትላንታ