ሳይሞቅ እንድረስ

ጌች ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እማማስ እግራቸው ተሻላቸው?

ሁለት ዓመት ድምፄን ያጠፋሁት ጠግቤ አይደለም፣ አፍሬ ነው። ያቺን ነጭ ፒክአፕ «ሳታስፈትሽ እንዳትገዛ» ብለኸኝ ነበር። ገዛኋት። በሰባተኛው ወር ሞጆ ሳልደርስ ቀጥ አለች።

ለካ ናፍጣ ከሚረጨው ኢንጀክተር ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት አልያዘችም ነበር። የቃጠሎው ጋዝ በዚያ እየሾለከ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ጥላሸቱ ታች ተጠራቅሞ ዘይት የሚስበውን ወንፊት ደፈነው። ሞተሩ ዘይት አጥቶ ተጣብቆ ቀረ። ለአንዲት ቀለበት! ኪሎሜትሯ 90 ሺህ ነበር የሚለው፤ ቁጥር ወደኋላም እንደሚሄድ ያኔ ገባኝ።

አሁን 5ኤል የሚባል የናፍጣ ሞተር ያላት አሮጌ ሃይሉክስ አግኝቻለሁ። 2,986 ሲሲ ናት። ቱርቦ የለ፣ ኮምፒውተር የለ፣ ፓምፓዋም ሜካኒካል ነው። ዳገት ላይ አህያ ይቀድማታል፣ እሱን ችያለሁ። የሚበላሽባት ነገር ጥቂት ነው፤ ያንንም የትም ያለ መካኒክ ይፈታዋል። የታይሚንግ ቺንጋው ግን በ100 ሺህ ኪሎሜትር መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ባለቤቱ «ተቀይሯል» ይላል፣ ደረሰኝ ግን የለም።

ቅዳሜ ለ2 ሰዓት ቀጥሮኝ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ኮፈኑን በእጄ ስነካው ሞቅ ብሏል። «ምነው?» ስለው «ለክብርህ ብዬ አሙቄ ጠበቅኩህ» አይለኝ መሰለህ! ኮምፕረሽኑ (አየር የማመቅ አቅሙ) የወረደ የናፍጣ ሞተር የሚጋለጠው እኮ በጠዋት ብርድ ነው። ብዙ ሳይዞር አይነሳም፣ ሲነሳም ነጭ ጭስ ይተፋል። ትቼው ሄድኩ።

እሁድ ሳልነግረው ተመለስኩ። ብረቱ በረዶ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ፣ ጭሱም ወዲያው ጠራ። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቼ እዚያው ላይ አስቀመጥኩት። ተንቀጠቀጠ እንጂ አልዘለለም። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ተበልቶ ቢሆን ከታች የሚመጣው ትንፋሽ ይወረውረው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ቆማ ስትሠራ ኳ፣ ኳ የምትል ድምፅ አለች። ሰውየው «ናፍጣ ሁሉ እንዲህ ነው» ይላል። ጆሮዬን አላምነውም፣ ያንተን ነው የማምነው። ቀብድ አልከፈልኩም። የፊታችን እሁድ ና፣ በ12 ሰዓት ሳይሞቅ እንድረስ። ቁርሱ በእኔ ነው።

ያንተው