ስለ ቆዩ የኢትዮጵያ ፖስት ካርዶች ጀርባ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የቀድሞዋ አዲስ አበባ፣ የሐረር ግንብ፣ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያና የአክሱም ሐውልቶች የሚታዩባቸው የቆዩ ፎቶግራፎች በጋዜጣችሁ ሲወጡ በደስታ እመለከታለሁ። ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹ በመጀመሪያ ለሕዝብ የቀረቡት በፖስት ካርድነት ነው። የአገራችንን ታዋቂ ሥፍራዎች፣ ሕንፃዎችና መልክዓ ምድር የሚያሳዩ ፖስት ካርዶችን ለረጅም ዘመን ስሰበስብ የኖርሁ ሰው ነኝና አንድ ነገር ዘወትር ያሳዝነኛል፤ ምስሉ ይታተማል፣ ይቀዳል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ ጀርባው ግን የትም አይታይም። ምስሉ መቼና በማን እንደተነሣ ለማወቅ የሚረዳን ምልክት የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በተተወው ጀርባ ላይ ነው።

የካርዱ ጀርባ አሠራር ራሱ ዘመኑን ይናገራል። መጀመሪያ ላይ የጀርባው ገጽ ለአድራሻ ብቻ የተፈቀደ ስለነበር ላኪው መልእክቱን በምስሉ ግርጌ ወይም ዳር ባለችው ባዶ ቦታ ላይ አጣቦ ይጽፍ ነበር። ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፍሎ ግራው ለመልእክት፣ ቀኙ ለአድራሻ እንዲሆን የተፈቀደው በእንግሊዝ በ1894 ዓ.ም፣ በፈረንሳይ በ1896 ዓ.ም፣ በጀርመን በ1897 ዓ.ም ነው። ስለዚህ በፈረንሳይ የታተመ፣ የሐረርን ወይም የአዲስ አበባን ገበያ የሚያሳይና ጀርባው ያልተከፈለ ካርድ ያገኘ ሰው፣ ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰበት ከ1895 ዓ.ም ዙሪያ ወይም ከዚያ ከቀደመ ጊዜ የመጣ ኅትመት ሳይሆን እንደማይቀር መገመት ይችላል። ይህን ፍንጭ ከፊት ለፊቱ ምስል ብቻ ማግኘት አይቻልም። እርግጥ ነው፣ ነጋዴዎች የታተመውን ካርድ ተሸጦ እስኪያልቅ ለዓመታት ያቆዩት ስለነበር የኅትመቱ ዘመንና የተላከበት ዘመን ሊራራቁ ይችላሉ፤ ፎቶግራፉም ከሁለቱም ሊቀድም ይችላል። ሦስቱን ለይቶ መመዝገብ የሰብሳቢ ዋናው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቴምብሩና የፖስታ ማህተሙ ከዚህም በላይ ይነግሩናል። አገራችን የፖስታ አገልግሎት ያቋቋመችው በ1886 ዓ.ም ሲሆን የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል የኢትዮጵያ ቴምብር ከአገር ውጭ ተቀባይነት ስላልነበረው ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ወይም ካርድ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ቴምብርም ይለጠፍበት ነበር። የሁለቱም አገሮች ቴምብሮች ጎን ለጎን ተለጥፈው፣ በየራሳቸው ማህተም ተመትተው የሚታዩበት ካርድ የዚያን ዘመን የመልእክት መንገድ በአንድ ወረቀት ላይ ያሳያል። የሚያሳዝነው ግን ከእንዲህ ዓይነቶቹ ካርዶች ብዙዎቹ ወደ እኛ የሚደርሱት ቴምብራቸው በእንፋሎት ወይም በውኃ ተላቆ፣ የማህተሙም እኩሌታ አብሮ ተነሥቶ ነው። የቴምብር ሰብሳቢ ወገኖቼን በአክብሮት የምለምናቸው ቴምብርን ከካርድ እንዳያላቅቁ ነው። ቴምብሩ ብቻውን በሌላም አልበም ሊገኝ ይችላል፤ ከነማህተሙ በካርዱ ላይ ያለው ግን ከተነሣ በኋላ ተመልሶ አይገኝም።

በማህተሞቹ ላይ ያለው ቀን አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደሆነም ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. 1931 የሚል ማህተም እንደ ወሩ በእኛ አቆጣጠር 1923 ወይም 1924 ዓ.ም ነው። ቁጥሩን እንዳለ ወስደው «በ1931 ዓ.ም የተነሣ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ከወረራው በፊት ያለውን ምስል ወደ ወረራው ዘመን ያስገቡታል። 1931 ዓ.ም በአምስቱ የወረራ ዓመታት ውስጥ ነውና ስህተቱ ቀላል አይደለም።

የለገሃርን ጣቢያ ካርዶች ለምሳሌ ላንሣ። ሕንፃው የተመረቀው በ1922 ዓ.ም ሲሆን በፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የቆመው በ1923 ዓ.ም ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ ነው። ፋሺስቶች ሐውልቱን ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ ከነጻነት በኋላም ብዙ ዓመታት ቆይቶ ተመለሰ። እንግዲህ ጣቢያው ያለ አንበሳው የሚታይበት ካርድ ወይ ከሐውልቱ መቆም በፊት በነበሩት ጥቂት ወራት፣ ወይም ሐውልቱ በስደት በነበረበት ዘመን የተነሣ መሆን አለበት። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የጀርባው ጽሑፍ ነው፤ መግለጫው በፈረንሳይኛ ነው ወይስ በጣሊያንኛ፣ የማህተሙ ጽሑፍስ የማን መንግሥት ነው? በአራዳ ጊዮርጊስ አደባባይ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም እንዲሁ በ1923 ዓ.ም ቆሞ፣ በወረራው ተነሥቶ፣ ከነጻነት በኋላ ስለተመለሰ አደባባዩን የሚያሳዩ ካርዶች በዚሁ መንገድ ሊለዩ ይችላሉ።

የአክሱም ሐውልት ካርዶች ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነኩ ናቸው። በቀደሙት ካርዶች ላይ ትልቁ ሐውልት ተሰባብሮ በመሬት ላይ ተጋድሞ፣ ሌላው ሐውልት ደግሞ ቆሞ ይታያል። በ1929 ዓ.ም ወደ ሮም የተወሰደው ሐውልትም ከመወሰዱ በፊት ወድቆ፣ ተሰባብሮ የነበረ ነው። ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የእኛው ሐውልት የሚታየው በሮም ከተማ ካርዶች ላይ ነበር፤ ፖርታ ካፔና በሚባለው አደባባይ፣ ኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሞ የሚታይበት ካርድ ለጎብኚዎች ይሸጥ ነበር። የአክሱምን ካርዶች የሚሰበስብ ሰው እነዚህን የሮም ካርዶች ካላካተተ ስብስቡ ጎደሎ ነው እላለሁ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም ዳግመኛ እስኪተከል ድረስ የነበረው ታሪክ ያለ እነርሱ አይሟላም።

በወረራው ዘመን የተላኩት ካርዶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ወታደሮቹና ሰፋሪዎቹ ለቤተሰቦቻቸው ጎንደርን፣ ደሴን፣ ጅማን፣ አዲስ አበባን የሚያሳዩ ካርዶች ይልኩ ነበርና። ለዚህም ነው ዛሬ የኢትዮጵያ ካርድ ከአዲስ አበባ የቅርሳ ቅርስ መደብሮች ይልቅ በጣሊያን አሮጌ ዕቃ ገበያዎች በቀላሉ የሚገኘው። በሮም፣ በሚላኖና በፓሪስ የምትኖሩ አንባቢያን እነዚህን ካርዶች ስታገኙ ጀርባቸው የወራሪ ጽሑፍ ቢሆንም አትናቋቸው። የሳንሱር ማህተሙ፣ የጦር ፖስታ ቁጥሩ፣ ስለ አገራችን የተጻፈው የንቀት ቃል ሳይቀር ማስረጃ ነው፤ መቆየት ያለበትም ከነምንነቱ ነው።

የመልክዓ ምድር ካርዶች ብዙ ጊዜ ከከተማ ካርዶች ያነሰ ግምት ይሰጣቸዋል፤ ይህ ትክክል አይመስለኝም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ቱሪዝም «የ13 ወር ፀሐይ» በሚለው መጠሪያ ሲስፋፋ የታተሙትን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ካርዶች ያየ ሰው ውኃው የገደሉን ወርድ በሙሉ ሸፍኖ ሲወርድ ይመለከታል። አብዛኛው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫዎቹ እንዲዞር ከተደረገ በኋላ በበጋ ወራት ይህን ማየት ብርቅ ሆኗል። ይሁን እንጂ ፏፏቴው በክረምትና በበጋ የሚለያይ በመሆኑ ካርዱ የተነሣበትን ወር ካላወቅን ንጽጽሩ ዋጋ የለውም፤ እዚህም ላይ የላኪው ቀንና ማህተም ይረዳናል። ቀለም የተቀቡትን የቀድሞ ካርዶች በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ብዙዎቹ በጥቁርና ነጭ ተነሥተው አገሩን አይቶ በማያውቅ ሰው አውሮፓ ውስጥ የተቀቡ ናቸውና ከእነርሱ ተነሥቶ የጣራን ወይም የልብስን ቀለም መመስከር አይቻልም።

ስለ አያያዝ ጥቂት ልበል። በከተማችን ካርድንና ፎቶግራፍን ለማቆየት ሲባል ላሚኔት ማድረግ ተለምዷል። ይህ በሙቀትና በማጣበቂያ የሚሠራ፣ ሊመለስም የማይችል ጉዳት ነው። በአልበም ላይ በሙጫ መለጠፍም ጀርባውን ያጠፋዋል። በእስክሪብቶ ምንም አይጻፍበት፤ ማስታወሻ ካስፈለገ በለስላሳ እርሳስ ይበቃል።

የእኔ ልመና እንግዲህ ይህ ነው። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና የፖስታ ሙዚየም የቆዩ ካርዶችን በዲጂታል ሲያስቀምጡ ሁለቱንም ገጽ እንዲያነሡ፣ የአሳታሚውን ስም፣ የመግለጫውን ቋንቋ፣ የማህተሙን ከተማና ቀን ለየብቻ እንዲመዘግቡ እጠይቃለሁ። የግል መልእክትን መግለጥ ነውር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሥጋታቸውን አከብራለሁ። ላኪውም ተቀባዩም በሕይወት ሊኖሩ በሚችሉበት በቅርብ ዘመን ካርድ ላይ አድራሻውንና መልእክቱን ሸፍኖ ማህተሙንና የአሳታሚውን ጽሑፍ ብቻ ማሳየት ይቻላል። ከዘጠና ዓመት በፊት ለተላከው ግን ይህ መከልከያ ሊሆን አይገባም።

በ2016 ዓ.ም ዶሮ ማነቂያና ሌሎቹ የፒያሳ ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ ብዙ ሰዎች የአካባቢውን የቆዩ ምስሎች ይፈልጋሉ፤ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉ ካርዶችም እየወጡ ነው። የትኛው ሕንፃ መቼ እንደነበረ በአፍ ሊመሰክሩ የሚችሉ አረጋውያን ገና በመካከላችን አሉ። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ከእንግዲህ የቆየ ካርድ ሲያትም የፊቱን ምስል ከጀርባው ጋር ጎን ለጎን እንዲያወጣ፣ ለአንባቢያንም በየሳምንቱ አንድ ካርድ ከሁለት ገጹ ጋር የሚልኩበት አነስተኛ ቦታ እንዲመድብ በትሕትና አሳስባለሁ። ለጅማሬው በእጄ ያሉትን የለገሃርና የአራዳ ጊዮርጊስ ካርዶች ቅጂ ያለ ምንም ክፍያ ለዝግጅት ክፍላችሁ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የፖስት ካርድ ሰብሳቢ፣ ከአዲስ አበባ